መቶ ሃያ

በሩ ላይ እንጨት አለ፣ ቀይ መስመር ያለበት፤
መቶ ሃያ ሳንቲም፣ የልጅ ልክ የሚታይበት።
ከእንጨቱ ጎን ዘጠኝ ሰዓት እቆማለሁ፤
ማን እንደሚበር፣ ማን እንደሚቀር እለያለሁ።
ደረቴ ላይ ስም አለ፤ «ትሪ» ይላል ካርዱ፤
ትርንጎ ረዝሞባቸው ከመሀል ቢጎርዱ፣
ፍሬው ወድቆ ቀረና ማቅረቢያው ተረፈ፤
ይኸው በትሪው ላይ ስንቱ ጥያቄ አረፈ።

ነሐሴ ነው። ዱባይ። አስፋልቱ ይለበልባል፤
እዚህ ጥላ እንኳን ጥላ ይፈልጋል።
ትናንት አንዲት ባለ ባርኔጣ ትኬቷን እያራገበች፣
«ፀሐይዋን ስንት ሰዓት ነው የምታጠፏት?» አለች።
አልቀለደችም። ሰዓቷን አይታ መልስ ጠበቀች።
ሌላው የጣሪያውን ዘንዶ ዳሰሰና ተቆጣ፦
«ፕላስቲክ ነው!» አለኝ፤ እውነተኛውን ከየት ላምጣ?
አንዱ ፏፏቴ ውስጥ ገብቶ፣ ስሙን በሩ ላይ እያነበበ፣
«ረጠብኩ» ብሎ ከሰሰኝ፤ ሸሚዙ እየተንጠበጠበ።
«ወረፋ የሌለው በር የት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ
ይህንን ለመጠየቅ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁኝ።
«ልጄ አንዴም አልሳቀችም» አለ አንዱ፣ «ገንዘቤን መልሱ»፤
ልጅቷ ትከሻው ላይ ተኝታለች፣ አይስክሬሟ ፈሷል በልብሱ።

«ድቡ ለምን አያወራም?» ይላሉ ልጆች ሆዱን አቅፈው፤
ሆዱ ውስጥ ሮዌና አለች፤ አራት ቋንቋ ነው የምትችለው፤
ድብ ሲሆኑ ግን ዝም ነው፤ ላብ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

እኔም ፈገግ እላለሁ። ፈገግታ እዚህ የደንብ ልብስ ነው፤
ጠዋት ፈርሜ የማወጣው፣ ማታ አጥፌ የምመልሰው።

ወደ ማታ አንድ ልጅ መጣ። ፋሪስ ይባላል፤
እንጨቱ ስር ሲቆም፣ ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ይላል።
ጫማው ውስጥ ሶፍት ጠቅጥቋል፤ ሲራመድ ያነክሳል።
ጸጉሩ በቅባት ቆሟል፤ መዳፌ ሲያርፍበት ግን ይተኛል።
መቶ አስራ ስምንት። አነበብኩት ሁለቴ፤
ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ብዬ፤ አልተለወጠም በፊቴ።

አባትየው ቦርሳውን መዘዘ። ሳቄን ዋጥኩ ያኔ፤
ሳንቲም ገንዘብም ነው ቁመትም ነው፣ በአማርኛ፣ ለኔ።
ሁለት ሳንቲም እንጂ ሌላ ምን ጎደለ?
«ከደማም አስር ሰዓት ነድቼ» አለ፤ «ቃል ገብቼለት» አለ፤
«አለቃሽን ጥሪ» አለ። አለቃዬም መጣ፤
ያው እንጨት፣ ያው መስመር፤ ልጁ ቁመት አላወጣ።

«ቀበቶው አይዘውም» አልኩ። የተባልኩትን ነው ያልኩ።
ዓይኔ ግን ሶፍቱ ላይ ቀረ፤ ሌላ ነገር አሰላሰልኩ።

እኔም እኮ ወረቀቴ ውስጥ ዕድሜ ጠቅጥቄ ነው የመጣሁ፤
አስራ ሰባት ገብቼ፣ ከአንድ ቢሮ ሃያ ሁለት ሆኜ ወጣሁ።
ጋሽ ዘርጋው፣ የሻሸመኔው ደላላ፣ ሥራውን ሲነግረኝ፣
«መጫወቻ ቦታ ነው» ቢለኝ፣
ደመወዝ እየተከፈለኝ የምጫወት መሰለኝ።
ያኔ ማን ለካኝ? ማን «ገና ነሽ፣ ቆይተሽ ነይ» አለኝ?
በር ሁሉ ወለል ብሎ፣ ሻንጣዬን ይዞ ተቀበለኝ።

ተንበርክኬ ሶፍቱን ከጫማው ሳወጣለት
ተረከዙ ቀልቷል። አላለቀሰም፤ እንባውን ያዘበት።
«ክፉ ነሽ» አለኝ በአረብኛ። ይሁን፣ ክፉ ልባል፤
የከለከልኩት ልጅ አንድ ቀን በራሱ ቁመት ይገባል።
ወይም አይመለስም። ይህን በምን አውቃለሁ?
«ቀጣይ» ብዬ ተጣራሁ። መዳፌን ዘረጋሁ።

ፀሐይ ከክሬኖቹ ጀርባ ወርዳ፣ መብራቱ ሁሉ ሲበራ፣
ያች ባለ ባርኔጣ ስትወጣ ቆመች ከኔ ጋራ፤
«በመጨረሻ አጠፋችኋት» አለች፤ «ዘገያችሁ ግን።»
«ይቅርታ» አልኳት። «ነገ ቀደም እናደርጋለን።»