ቁጥር ሃያ ሦስት

ሣጥኑን ያገኘሁት ግዳንስክ ነው፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣
ከተሰነጠቀ ፒያኖ ሥር፣ ከአንድ የናስ መብራት ጋራ።
ክዳኑ ላይ ባሕር ይነዳል፤ ከጢሱ መሀል ሲመጣ
ጥቁር፣ ሁለት ጭራ ያለው፣ ክንፉ ወደ ፊት የወጣ።
የእኩለ ሌሊት ቁራ ይሉታል፤ ልኩ አንድ ለሰባ ሁለት፤
ሰላዩ ሁለቴ ሞቶ ሁለቴ የሚነሣበት
የአንድ ልብ ወለድ አውሮፕላን፤ መጽሐፉን ሰው ይገዛዋል፣
ባቡር ላይ ይጀምረዋል፣ ባቡር ላይ ይረሳዋል።
በየትም አገር አየር ኃይል በረራው አልተመዘገበም።

አርባ ዝሎቲ ከፈልኩ። አባቴ ሞዴል ገጥሞ አያውቅም፤
የገዛሁት ለእጁ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ
ጠረጴዛውን ይዳብሳል፤ አንድ ነገር እንደጠፋው፣ እንዲህ።

ከፈተው። መመሪያውን ዘረጋ። ዝም አለ።
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓይኑ ከወረቀቱ አልተነቀለ።
«ይህን አውቀዋለሁ» አለኝ። «በሰማንያ አራት፣ ኡስትካ፣
ሻምበል ዙብር ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሥዕል… ለካ!»

«ምስጢር ነው» ብሎ ነበር ሻምበሉ፣ «የጠላት የነገ ክንፍ፤
ወዮለት ያ ተረኛ ወታደር፣ ይሄ በባሕሩ ሲያልፍ!»
አባቴ ሦስት ክረምት ጠበቀው። አረንጓዴው ጨረር ሲዞር፣
እኔ ስወለድ፣ ጥርስ ሳበቅል፣ እሱ እዚያው ነበር።
አንድ ሌሊት፣ በጥቅምት፣ ነጥብ አየ። ደወል ደወለ፤
ሦስት ተዋጊ ጄት ተነሣ፤ ጠረፉ ሁሉ ከአልጋው ዘለለ፤

ዝይ ነበር።
ወደ ደቡብ የሚሄድ፣ የማንም ወገን ያልሆነ ዝይ።
ማዕረጉ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ፈቀቅ አላለም።

አሁን ጣቱን ከሥዕሉ ጭራ ላይ አሳርፎ
«ተመልከች» አለ። «ፊደሉን አጥፍተውት፣ ቀስቱ ተርፎ
ቁጥሯ ቀርታ ነበር፤ ሃያ ሦስት። እኛ ክረምቱን ሙሉ
ተከራከርንባት፤ የሞተሩ ዓይነት ነው የሚሉ፣
የሚሳይል ብዛት የሚሉ…»
ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

ከማን ልጅ መጫወቻ ሣጥን፣ በማን ሻንጣ ተሻግሮ፣
በስንት ማኅተም ተቆልፎ፣ በስንት ፊርማ ከብሮ
ከዚያ ግድግዳ እንደ ደረሰ፣ የሚያውቁት ሞተዋል።

ኅዳርን ሙሉ ገጠምነው፤ ሙጫ፣ ምላጭ፣ ወረንጦ፤
የየትም አገር ያልሆነ ኮከብ ለብ ባለ ውሃ ተቀምጦ።
መመሪያው «አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምሩበት» ይላል፤
አለዚያ በጭራው ቁጭ ይላል።
አባቴ ከመንጠቆ ሣጥኑ ሁለት ፍሬ እርሳስ አመጣ።
በእርሳስ ተነድፎ የተወለደ፣ ሳይበር የኖረ ጣጣ፣
በእርሳስ ቆመ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ የዝዮቹን ነገር ሲያነሣ፣
ሌሊት ላይ፣ «እርሳስ!» ትለው ነበር፤ እሱ ግን መቼ ረሳ።

ቁጥር ሃያ ሦስት የለችም። ማቀፊያው ላይ ቦታዋ ባዶ፤
አንድ ልጅ ድሮ ቆርጧታል፤ ጥሏት ይሆናል ወስዶ።
አባቴ የእርጎ ማንኪያ ሰበረ። መመሪያውን አላየም።
ዓይኑን ጨፍኖ ቀረጻት፤ አንዴ ሞረዳት፣ አልደገመም።
ገባች፤ እንደ ቁልፍ ገባች።
ሦስት ክረምት ሳይተኛ የነጋ ዓይን፣ ደመወዙ ይህችው ነች።

አሁን መስኮቱ ላይ ነው፤ በዓሣ ማጥመጃ ክር ተንጠልጥሏል፤
ማሞቂያው ሲግል ወደ ባሕሩ፣ ሲበርድ ወደ እኛ ይዞራል።
ትናንት የዘገዩ ዝዮች አለፉ፤ እየተጯጯሁ፣ በሰልፍ።
አባቴ ቀና አላለም። የድሮ የተረኛ ደብተሩን አውጥቶ፣
ከባዶው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣

«አሥራ ስድስት ሰዓት ከሃያ።
ታይቷል።
ከፍታ፦ ሁለት ሜትር። ፍጥነት፦ የለውም።
አቅጣጫ፦ እንደ ማሞቂያው።
ዝይ አይደለም።»