ልቃቂትና አይጥ

ጋሽ ሙሄ ከፋብሪካው አጥር ጥግ ማታ ማታ ሲያስተምሩን፣
ኮምቦልቻ ሙቀቷን ሳትጨርስ በአንዲት አምፖል ሰብስበውን፣
የያዙት መዝገበ ቃላት ሽፋን የሚባል አልነበረው፤
ከ«ደብሊው» ወዲያ ያለውን አይጥ ነው የበላው።

«ቃልም ዘር አለው» ይላሉ፣ ጠመኔውን ከእጃቸው እያራገፉ፣
«ትርጉሙን ብቻ ይዛችሁ፣ ወላጆቹን ሳትጠይቁ አትለፉ።»

ማክሰኞ ለት ሁለት ጻፉ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፤
አይዛመዱም፤ ወንበር እንደተጋሩ ሁለት መንገደኞች።

«ክሉ»። ዛሬ ፍንጭ ማለት ነው።
ጥንት ግን ልቃቂት ነበረ፣ የተፈተለ ክር ጥቅል፤
መውጫው የጠፋ ቤት የሚገባ ሰው
ከበሩ አስሮ ጨለማ ውስጥ እየተረተረ የሚጥል፣
ሲመለስ በዳበሳ የሚከተል።
ክሩን ዓለም ረሳው፤ መውጫ ማግኘቱ ብቻ ቀረ።

እኛ ፈታዮቹ ተያየን።
ስምንት ሰዓት ቆመን፣ የጥጥ ብናኝ ለብሰን እንደ ካባ፣
ስንት ሺህ ፍንጭ ጠቅልለን ሰደድን፣ አንዱም ቤታችን ሳይገባ።

«ማስል»። ጡንቻ።
በላቲን አያቱ ቤት «ትንሿ አይጥ» ነው ስሙ፤
ክንድ ሲታጠፍ ቆዳ ሥር ሽው የምትል መስሏቸው ነው የሰየሙ።
ዘሐራ «ታዲያ ድመት ይዋጡ!» ብላ ክፍሉን አሳቀችው፤
እኔን ሳቁ አልፎኝ ሄደ፤ አንድ ክንድ ትዝ አለኝ፣ የማውቀው።

አባቴ፤ ከመኪና ላይ የጥጥ ቦንዳ ሲያወርድ የኖረ።
«ንኪያት» ይለኝ ነበር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እየወጠረ።
ከጣቴ ሥር ታመልጣለች። በቤታችን ስም አልነበራትም።
ሲስቅ ፍንጭቱ ይታያል፣ በፊት ጥርሶቹ መሃል፣ ጠባብ በር።
«ፍንጭ» እና «ፍንጭት» ይዛመዱ ይሆን? ልጠይቅ እጄን ሳወጣ
ስልኬ ጮኸ፤ ከደሴ ነው፤ «አባትሽ ወድቋል፤ ነይ፣ የሚመጣው ሳይመጣ።»

ሐረጎን በሌሊት ወጣሁ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ፤
ጉሙ መብራቱን ሲበላው፣ ሹፌሩ በክርኑ መስታወት ሲያብስ።
መንገዱ ተራራው ላይ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ አይታይ፤
ኮምቦልቻ ከታች ትለቀዋለች፣ እኔ እከተላለሁ ወደ ላይ።
ስሙን ከ«ሐረግ» አዛመድኩት። በዚህ ሰዓት ማን ይከሰኛል?

አልጋ ቁጥር ዐሥራ አራት። ቀኝ ጎኑ ዝም ብሏል፤
ያ ጠባብ በር ተዘግቷል።
ለጋ ሐኪም ለጓደኛው በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን ብሎ አወራ፤
ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ያዝኩ፣ «ማስል»፣ ካዘነ ፊቱ ጋራ።

ክንዱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጣቴን አሳረፍኩበት።
«አንቺ የመዝገበ ቃላቱ ጨራሽ፣ ውጪ እስቲ። እዚህ ነሽ ወይ?»
ጦሳ በመስኮቱ እስኪለይ፣ የሸዋበር አዛን እስኪሰማ
ጠበቅሁ።
ከቆዳው ሥር አንዳች ነገር ንቅንቅ አለ፣
ወይ የገዛ ደሜ ምት ነው፣ በድካም የተሰማ።

ነርሷ መጥታ ነካች። «አላገኘሁም» አለች፤ መዝገቡ ላይ ጻፈች።

ጋሽ ሙሄ፣ ሐሙስ አልመጣም።
አይዛመዱም ብለውናል፤ ልክ ነው፣ በዘር አይዛመዱም።
በጋብቻስ?
ይህን የሚያውቀው ገጽ ከተበላው ወገን ይሆናል።
እስከዚያው ጣቴን አላነሣም።