ያልተሰየመ

ሞጣ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
ጋሽ ይርሳው በዱካው ላይ፣ እኔ ከኮምፒውተሩ ዳር።
«አንቺ ልጅ፣» ይለኛል፣ «ይኼ የሠራሽው መጻፊያ
ቤት ነው ወይስ ለአንድ እስረኛ የተሠራ ማቆያ?
ከሳሽን ሳስገባው ተከሳሽ ይወጣል፤
ተከሳሽን ስጠራ ከሳሽ ደጅ ያድራል።»

እውነቱን ነው።
ተማሪ ሳለሁ፣ በጥድፊያ፣ ስጽፈው ኮዱን፣
«ላንድ ሰው አንድ ፋይል» ብዬ ዘጋሁት መንገዱን።
ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ በር ገብቶ ወጥቶ፣
የቅኔ ቤት ልጅ ነውና ክሱን በቃሉ ይዞ፣ መልሱን ከፍቶ፣
አንቀጽ ካንቀጽ ሲያገናኝ፣ በሐሳቡ ድልድይ ሠርቶ፣
መብራት ሲሄድ ይቀራል፣ እንደዚያ እንደ ሰባራው፣
መሀሉ ተቆርጦ ቀርቶ።

ቅዳሜ ከባሕር ዳር መጣሁ፤ ፈታሁት፣ አፈረስኩት፤
መጀመሪያ ለየፋይሉ የየራሱን መስኮት ሰጠሁት።
እሑድ ማታ መስኮት በመስኮት ላይ ተነባብሮ
የወይዘሮ ጥሩዬ ውክልና ጠፋ፣ ከታች ተቀብሮ።
«ሞተ?»
«የለም ጋሼ፣ ከሥር ነው።»
«ከሥር ያለማ የተቀበረ ነው!»

ሰኞ ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ጣሪያ ሥር አስገባሁ፤
ከላይ በረድፍ ታብ ሠራሁ።
አሥራ ዘጠኝ ከፈተ። ቦታው ጠበበ፣ ርዕሱ ተቆረጠ፤
አሥራ ዘጠኙም «ለሞጣ ወረ…»፣ «ለሞጣ ወረ…»፣
ማን ከማን ይለይ?
ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።
«እዚህ አገር ሰው ሲያመለክት መንግሥትን ያስቀድማል፤
የራሱ ስም እታች ነው፣ ከፊርማው ጋር ይከተላል።
ከታች ጀምሪ።»

ከታች ጀመርኩ። ስሙን ከግርጌ ፈልቅቄ
በየታቡ ራስ ላይ ሰው አስቀመጥኩ፦
ጥሩዬ። አንሙት። ልየው።

ማክሰኞ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤
ግራ አንሙት፣ ቀኝ ልየው፣ መሀል አንዲት ቀጭን መስመር።
«ይኼ ድንበር ይገፋል?»
«ይገፋል፣ በማውስ።»
«እነሱም የሚካሰሱት በዚሁ ነበር።»

ከዚያ ዝም አለ።
በግራ፦ «አባቴ ጫኔ በሕይወት ሳለ ከሾላው በታች ያለውን ለእኔ…»
በቀኝ፦ «አባቴ ጫኔ በሕይወት ሳለ ከሾላው በታች ያለውን ለእኔ…»
ቃል በቃል፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።
ወንድማማች መሆናቸውን ያውቃል፤ ሞጣ ሁሉ ያውቃል።
ያላየው የራሱን እጅ ነበር፦
ሐምሌ ለታላቁ፣ መስከረም ለታናሹ፣
በገጽ ሠላሳ ብር
አንዱን አባት ሁለት ጊዜ ቸርችሮ ነበር።

መብራት ሄደ።
ጨለማው ውስጥ የዱካው እግር ሲንቋቋ ሰማሁ እንጂ
ቃል አልወጣውም።

ሲመጣ፣ ሁለቱንም እንደነበሩ መለሰለት (ይኼንን በደንብ ሠርቼዋለሁ)።
እሱ ግን የመደመር ምልክቷን ነካ። ሦስተኛ ታብ።
ስም የለውም፤ «ያልተሰየመ» ይላል።
በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ «አባታችን» ብሎ ጻፈና
እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።
ጸሎት ይሁን የእርቅ ውል፣ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ በሌሊቱ አውቶቡስ ተመለስኩ።
ያልተቀመጠ ጽሑፍ ላይ የምትበራዋ ነጥብ
እስክወጣ አልጠፋችም።
አንድ ነገር ይቀረኛል፦ ታቡ ሲዘጋ የሚመጣው ጥያቄ።
«ይቀመጥ? ወይስ ይጣል?» ይላል፣ እንደ ዳኛ፣ በሁለት ቁልፍ ብቻ።
ሦስተኛ ልጨምርለት ነው፤
«ይቆይ» የሚል።