ከመቀመጡ በፊት

ሆጤ፣ የኩነት ምዝገባ ቢሮ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
የጦሳ ጉም በመስኮት ገብቶ ከወረቀት ሲደባለቅ፣
ሉባባ መዝገብ ትገልጣለች፣ ዳርዳሩን አይጥ የበላ፤
እኔ ወደ ማሽን አሻግራለሁ፣ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ።

«ይመር አረቡ። ሚያዝያ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ።»
«አስቀምጥ» እለዋለሁ፤ ያስቀምጣል።
«የተፈጠረበት» የሚል ዓምድ አለው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ይሞላል፤
ሁሉን ሰው ዛሬ ይወልዳል።
ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዘጠኝ ከሩብ ሲል ሰዓቱ፣
አርባ ሰባት ሽማግሌ እኩል ሆነ ልደቱ።
ደግሞ ሰዓቱ የኛ አይደለ፤ ንጋታችንን ሌሊት ይለዋል፤
ጳጉሜ ሦስት የመጣን ልጅ በየትኛው ወር ይጥለዋል?

ማታ፣ መብራት ሄዶ እስኪመጣ በስልኬ ጭላንጭል ጠብቄ፣
ስምንት መስመር ጻፍሁ፣ ሦስት ቀን ያሰብሁትን ጨምቄ፤
«ከማስቀመጥህ በፊት ጥራኝ፤ በገዛ ሰዓትህ አትቸኩል፤
መዝገቡ ቀን ካለው ያንን ያዝ፤ ያንተን ከጎኑ ትከል።»

ከዚያ ወዲህ ይጠራል፣ አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር እቤቱ፤
እኔ ብተኛም ጽሑፌ «አቤት» ይላል፤ ሁሉም ይሄዳል ወደ ገዛ ዓመቱ፤
ይመር ወደ ሚያዝያው፣
መንትዮቹ ወደ ጳጉሜያቸው።

ሐሙስ ዕለት ሉባባ ዝም አለች። ጣቷ ገጹ ላይ ቆመ።
አነበበች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው ደብዳቤ፣ ድምጿ እየደከመ፤
«ሉባባ እንድሪስ። ሴት። ቀኑ ያልታወቀ።
እናት እንዳሉት፦ ቦርከና የሙሄን ወፍጮ በወሰደ ማግስት፣
ጎሕ ሳይቀድ።»
ከሥሩ የጸሐፊው ፊርማ፣ የተንጠባጠበ ቀለም።

ዓምዱ ቀን እንጂ ጎርፍ አይቀበልም።
ባዶ ልተወው ብል፣ ማሽኑ ባዶ አያውቅም፤
የኔ ስምንት መስመር የሚይዘው ሲያጣ፣ ዛሬን ይሞላል እንደ ድሮው፤
ይህን አላሰብሁም ነበር ስጽፈው።

ሉባባ ሳቀች። «ተወው፣» አለችኝ፣ «ዛሬ ልወለድ፣ ግዴለም፤
በሠላሳ ምናምን ዓመቴ የኔ የምለው ቀን ኖሮኝ አያውቅም።»

ጣቴ ከ«አስቀምጥ» ላይ ነው፤ አልተጫንሁም።
ጠቋሚው ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ይጠራኛል፤
«አቤት» አላልሁም።
ውጭ ጉሙ ወደ ሸለቆው እየወረደ ነው።
እሷ ቀጣዩን ገጽ ገልጣለች፤
«ዓሊ ፈንታው፣» ትላለች፣ «ጥቅምት ሦስት። ጻፍ እንጂ።»