ማሳ

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፤ የነሐሴ ቀትር፤
ኮፋኖው ሲከፈት ምድጃን ይመስላል።
ሱልጣን ከፓትሮሉ ወርዶ ሳጥን ሰጠኝ፦
«ይቺን ግጠምልኝ፣ ጉልበት ይጨምራል።»

ሰማያዊ ሽቦ፣ ወርቅ የተቀባ ጫፍ፣
ቦግ የምትል አምፖል፤ ስምንት መቶ ድርሃም።
ካንዴላው ከሳጥኗ ምን እንደሚያገኝ
እኔ አላውቅም። ሻጩም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከመግጠሜ በፊት የባትሪውን ማሳ
ፈትቼ አየሁት፤ ጨው በልቶት፣ አረንጓዴ፤
በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠበቅኩት፣
ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በነፃ፣ እንደ ልማዴ።

ነድቷት ተመለሰ።
«ወላሂ በረረች!» ብሎ ሳጥኗን ሳማት።
አሥር ድርሃም ጉርሻ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤
ያቺን የጸዳች ብሎን ማን ያመስግናት?

ዛሬ ደግሞ መጣ፣ ወንድሙን አስከትሎ፤
ሌላ ሳጥን ይዟል፣ ከፊተኛው ይበልጣል።
አባቴ ይል ነበር፦ «ማሳህን ሳታርም
ማዳበሪያ ብትበትን፣ አረሙ ይፋፋል።»

ቁልፌን አነሳሁ። ሱልጣን ሰዓቱን ያያል።
ማሳውን ላስቀድም፣
ሳጥኑ ይቆይ ልለው ፈለግሁ፤
ግን ይህንን በዐረብኛ
እንዴት ብዬ ልበለው?