የብረት እጅጌ

ሲመሽ መጣ ኤቤር፣ እጁ ግራሶ ለብሶ፣
«ብየዳሽን ይዘሽ ነይልኝ» አለኝ፣ አንገቱን ቀልሶ።
ሰው ደጅ ጠንቶ የማያውቅ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣
ጎረቤት ለመነ፣ አሸንፎት ብረቱ።

በካርሜሎ፣ በኡሩጓይ ወንዝ ዳር፣ መኪና አይቀበርም፤
ያገሩ ሰው ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል እንጂ ሞቷል ብሎ አያምንም።
የኤቤር ፎርድ ያባቱ ናት፤ በግ ጭና ወደ ወደቡ፣
ሙሽራ ጭና ወደ ቤተ ክርስቲያን፣
አንዴም በዝናብ አስከሬን፣ ተከትሏት ሕዝቡ።
አሁን ግን ጎማዋ ወልቆ፣ ወገቧ ተፈቶ፣
ከጉማጅ ግንድ ላይ ተሰቅላለች፣ ሆዷ ተከፍቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አክስል ማለት ክንድ ነው፤
ኩሽኔታው ጠባቂው፣ ዙሪያውን የከበበው፤
ሁለቱን ያቀፈ፣ ከቱቦው አፍ ገብቶ፣
እጅጌ አለ ከብረት፣ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ ተሠርቶ።
ሲያረጅ ይወልቅና ሌላ ይለበሳል፤
ይሄኛው እምቢ አለ።
እምቢ ያለ ብረት እምቢ ካለ ሰው ይብሳል።

ነጭ ጋዝ አጠጣው፣ ናፍጣ ውስጥ አሳደረው፣
ሌሊት በባትሪ መብራት እንደ በሽተኛ ጎበኘው።
በመንቀያ ሳበ፤ የመንቀያው ጥርስ ረገፈ፤
በመሮ ደበደበ፤ መሮው ዶለዶመ፣ አውራ ጣቱ አበጠ፣ ሦስተኛው ቀን አለፈ።

ከዚያ ተራገመ።
«ይህን የወተፈ፣ ይህን የጠረቀመ፣
እጁ ምን ነክቶት ነው? ዓይኑስ ምን አይቶ?
ሙያ የሌለው ደነዝ! ያውም በእኩለ ሌሊት፣ ያውም ወይን ጠጥቶ!»
ሚስቱ ኔሪስ ከበሩ ቆማ፣ ማቴዋን ይዛ፣ ዝም፤
ዓይኗ ፈገግ፣ ከንፈሯ ግጥም።

እኔ መጀመሪያ ቱቦውን በጨርቅ ጠረግሁ፤
ከዝገቱ ሥር ሽንብራ የምታህል ጉብታ በጣቴ አገኘሁ።
«ይቺንስ አይተሃታል?»
መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።
የእጅጌው አዝራር ናት፣ በቱቦው ቀዳዳ ተሰክታ የምታድር፤
ወደ ውጭ ከመጎተቱ በፊት ወደ ውስጥ መመታት ያለባት።
ሰው ሸሚዙን ሲያወልቅ አዝራሩን ይፈታል፤
ኤቤር ሦስት ቀን ሙሉ እንደተቆለፈ ይጎትታል።

መታኋት፣ ጠቅ አለች።
እጅጌው ግን ንቅንቅ አላለም።
ሌላ የያዘው ነገር አለ።

ጭንብሌን አወረድሁ፤ ከውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ መስመር በየድሁ፤
ከዚያ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥሁ፣ እስኪበርድ ታገሥሁ።
የጋለ ብረት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወገቡ ይቀጥናል፣ ግድግዳውን ይለቃል፤
ይህን ደግሞ እልኸኛ መቼ ያውቃል።

አሥር ደቂቃ። ከወንዙ የአሸዋ መርከብ ጡሩንባ ነፋ።
ኤቤር አንዴ ሳበ፣
እንደ ወላቃ ጥርስ፣ ያለ ደም፣ ወጣ፤
ከጀርባው ተጠምጥሞ አንድ ስስ ቆርቆሮ ተከትሎት መጣ።

አንዱ፣ እጅጌው ቢሰፋበት፣ ከብስኩት ጣሳ ቆርጦ፣
ወትፎት ኖሯል፣ በመዶሻ ረግጦ።

በጣቱ አሸው። ግራሶው ሲለቅ ቀለም ብቅ አለ፤
ሰማያዊ። ግማሽ የድመት ፊት። አንድ ጆሮ፣ ጢም።
ኤቤር መዶሻውን አስቀመጠ።

«የእናቴ ጣሳ» አለ፣ «መርፌና ክሯን የምታኖርበት።
በሙሉ ቤቱን አገላብጣ ሳምንት ፈለገችበት።
በመጨረሻ እህቴ ዴልሚራ ተገረፈች፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዝም አልሁ። እሷ አለቀሰች።»

«እንግዲህ» አለች ኔሪስ፣ «ደነዙ ተገኘ።»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ቆርቆሮውን በነጭ ጋዝ አጠበ፣ በሸሚዙ ጫፍ አደረቀ፣
ደረት ኪሱ ከተተ፣ አዝራሩን አጠበቀ።

ሂሳቤን ሳይጠይቅ ወደ ቤት ገባ።
ገመዴን ስጠቀልል በመስኮቱ ሰማሁት፣
ከስልኩ ጋር፣ ጮክ ብሎ፣ ጆሮዋ እንደከበደ ሰው ሲያናግር፦
«ዴልሚራ፣ እኔ ነኝ። አይ፣ ማንም አልሞተም።
ስሚኝ እስቲ፣
ያቺን ድመት ታስታውሻታለሽ?»