ረቂቅ አሥራ አራት

ኤድመንተን፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
የሕፃናት ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ላይ በረዶ ሲጋገር፣ ሲናድ።
በረጅሙ ጠረጴዛ ዳርና ዳር እኔና ኑርአይኒ ተቀምጠናል፤
እሷ ወደ ማላይ፣ እኔ ወደ አማርኛ፣ አንድ መጠይቅ ተካፍለናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እጅ መታጠብ ነው።
እንግሊዝኛው ወንድ ትሁን ሴት ግድ የለው፤
የኔ ቋንቋ ግን "አንተ" ወይ "አንቺ" ሳይል ቧንቧውን አይከፍትም።
ኑርአይኒ ሣቀች፦ "የኛ ጾታ አይጠይቅም፣
ዕድሜ እንጂ፤ ለታናሽ የሚባለው ለታላቅ አይባልም።"

ሦስተኛው፣ ሳይጠሩት ስለሚመጣ ሐሳብ።
"ክፉ ሐሳብ" ብዬ ጻፍኩ። ወደ እንግሊዝኛ መላሹ አቶ ጌድዮን
"ኀጢአት" አድርጎ ላከልኝ፤
ሐኪም ዘንድ የሰደድኩት ልጅ ንስሐ አባት ደጅ ተገኘብኝ።
ሰረዝኩ። "የማይፈለግ ሐሳብ" አልኩ፤
የቀበሌ ደብዳቤ መሰለኝ፣ እሱንም ሰረዝኩ።

"እናንተ ምን ትሉታላችሁ፣" አልኳት፣ "በሩን ቆልፎ
የሚመለስ፣ አይቶ የማያምን፣ ደረጃ ወርዶ ደረጃ የሚወጣ ሰው?"
"ዋስ-ዋስ።"
እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
ደሴ ላይ፣ ጋሽ ሙዘይን የሱቁን ጓጉንቸር ጎትቶ፣ ደግሞ ጎትቶ፣
ታክሲ ከያዘ በኋላ ወርዶ ሲመለስ፣
እናቴ በመስኮት "ወስዋሳ!" ስትል ሰማኋት።
ስንት ባሕር ተሻግሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቃሉ ከቃሉ ተገናኘ፤
ደስታችን ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየ።
"የኛው ስድብ ነው" አልኩ። "የኛው ሰይጣን አለበት" አለች።
በስድብና በሰይጣን ልጅ አይጠየቅም።

ሐሙስ ለሙከራ ኤልዳና መጣች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣
በሩን የገፋችው በክርኗ ነው።
አከበበች። አጠፋች። አከበበች። አጠፋች።
ላጲሱ ወረቀቱን በላው፤ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቀዳዳ አወጣች።
"ተሳስቼ ቢሆንስ? ሌላ ትሰጪኛለሽ?"
ሰጠኋት። ሦስተኛም ሰጠኋት።
ቁጥር ዘጠኝ የሚለው፦
"ሥራሽን ልክ እስኪሆን ትደጋግሚያለሽ?"
ከጎኗ፣ ኮምፒዩተሬ ላይ፣ ፋይሉ ተከፍቷል፤
ስሙ "ረቂቅ አሥራ አራት" ይላል።

ዝም ብዬ እጇን አየሁ፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።
"እጄ አልቆሸሸም፣" አለች፣ ዓይኔን ተከትላ፣
"ንጹሕ መሆኑን ዐውቃለሁ። ግን ያሳክከኛል፣
ቆዳ በሌለበት ቦታ።"

ያሳክከኛል።
ወንድም ቢለው ሴትም ብትለው ያው ነው።
ሦስት ሳምንት "አንተ"ና "አንቺ" መሐል ስዋልል
"እኔ" ጾታ እንደሌለው ማን አስታወሰኝ?
ጥያቄዎቹን ሁሉ አፈረስኳቸው፤ ማታውን
ልጁ ራሱ በሚናገርበት አፍ ጻፍኳቸው፦
ቆዳ በሌለበት ቦታ ያሳክከኛል፦ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ።
ኑርአይኒ የሷን አነበበችልኝ፣ "ጋታል" የምትል ቃል ሰማሁ፣
ክንዷን ስታክም አየሁ።
አቶ ጌድዮንም መለሰው፤ ኀጢአት አልሆነም በዚህኛው ጊዜ።

ያን ሐሙስ የኤልዳና እናት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ካፖርት ታቅፋ፣
"ከስንት ስንት አገኘች?" ብላኝ ነበር፤ መልስ አጣሁላት።

ዛሬ ፋይሉን ላክሁ። ስሙን "የመጨረሻ" አልኩት።
ጥቂት አሰብኩና
ከ"የመጨረሻ" ቀጥሎ "አንድ" ጨመርኩበት።